ያገለገለ ዕቃና የንግድ ምልክት

በገጠር ቤት ዕቃ በቀላሉ አይጣልም። የአባት ጋቢ ሲያረጅ የልጅ መኝታ ይሆናል። የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ይሠራበታል። የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄዶ ማጭድና መጥረቢያ ሆኖ ይመለሳል። ያለቀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆንና እንደገና መንገድ ይሄዳል። ከሁሉ የሚገርመው ግን የማዳበሪያው ከረጢት ነው። ማዳበሪያው ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ከረጢቱ እህል ይያዝበታል፤ ከሰል ይጫንበታል፤ ዝናብ ሲመጣም ይከናነቡበታል። ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ዛሬ ማናቸውንም ከረጢት «ማዳበሪያ» ብሎ ይጠራዋል።

እንግዲህ ያገለገለን ዕቃ መልሶ ማዋል ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። አዲስ የሚሆነው ይህንኑ ሥራ እንደ ንግድ ይዞ፣ ስም አውጥቶለት፣ ስሙንም በሕግ አስመዝግቦ መሥራት ነው። ይህ እንዴት እንደሚደረግና ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ያገለገለ ዕቃ ዋጋው ምን ላይ ነው?

ወደ ከተማ የሄዳችሁ ሁሉ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩትን ነጋዴዎች አይታችኋል። አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣሉ። ቆራሌው ደግሞ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ብረታ ብረት ይገዛል። ከተሰበሰበው ዕቃ ብዙው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ባለእጆቹ በርሜሉን ቀጥቅጠው ምድጃ ያደርጉታል። የተጣመመውን ብረት አቃንተው ለግንበኛ ይሸጡታል። ለአንዱ ቆሻሻ የሆነው ለሌላው እንጀራ ነው።

ጥቅሙ ለሻጩ ብቻ አይደለም፤ ለመሬቱም ለውኃውም ነው። እስቲ አንድ ካናቴራ እንውሰድ። ጥጡ ከሚበቅልበት ማሳ አንስቶ ልብሱ እስኪያልቅ ድረስ ለአንድ የጥጥ ካናቴራ ወደ 2,700 ሊትር ውኃ እንደሚፈጅ ይገመታል። ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 135 ጀሪካን ነው። ከምንጭ ውኃ በጀርባዋ የምታመላልስ እናት ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች። ካናቴራው ተጠግኖ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ቢለበስ ያ ሁሉ ውኃ በከንቱ አልፈሰሰም ማለት ነው። በሌላው አገር ያሉ ብዙ ሸማቾችም ይህን እየተረዱ ያገለገለና የታደሰ ዕቃ ፈልገው የሚገዙበት ዘመን ላይ ነን።

ሁለት ምሳሌ እንስጥ። አንደኛው ከውጭ አገር ነው። በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ፣ ፍራይታግ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ቦርሳ መስፋት ጀመሩ። ጠርዙን በብስክሌት ካላማዳሪያ፣ ማንገቻውን በመኪና ወንበር ቀበቶ አደረጉት። ቦርሳው በቤተሰባቸው ስም፣ «ፍራይታግ» ተብሎ፣ በብዙ አገር ታወቀ። ሁለተኛው ምሳሌ የራሳችን ነው። በአዲስ አበባ ዳር፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 «ሶልሬብልስ» የተባለ የጫማ ድርጅት አቋቋመች። የጫማው ሐሳብ የመጣው ሁላችንም ከምናውቀው ከበረባሶ ነው። ሶሉ ያለቀ የመኪና ጎማ ነው፤ ላዩ ደግሞ በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ጫማው ባሕር ተሻግሮ ተሸጠ።

አሮጌ ጎማና አሮጌ ሸራ በየትም አገር ሞልቷል። ታዲያ ሰው እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የሚገዛው ለምንድን ነው? ስማቸውን ስለሚያውቅና ስለሚያምን ነው።

ለመሆኑ የንግድ ምልክት ምንድን ነው?

ከብት በጋራ መስክ ሲሰማራ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ጆሮው ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ወይም በጋለ ብረት ይተኮሳል። ሁለት በሬ በመልክ ቢመሳሰሉ እንኳ ባለቤቱ ምልክቱን አይቶ የራሱን ይለያል። የንግድ ምልክትም ሥራው ይኸው ነው። የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚለይ፣ በዓይን የሚታይ ምልክት ነው። ቃል ሊሆን ይችላል፤ ሥዕል ሊሆን ይችላል። ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ የዕቃው ወይም የማሸጊያው ቅርጽ፣ ወይም የእነዚህ ድብልቅም ይሆናል።

ነገር ግን ከከብት ምልክት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የከብት ምልክት የሚጠቅመው ባለቤቱን ነው፤ የንግድ ምልክት ግን ገዢውንም ይጠቅማል። ገበያ ወጥታችሁ ከአንዷ ሴት የገዛችሁት ቅቤ ባዕድ ነገር የሌለበት ንጹሕ ከሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያችኑ ሴት ትፈልጋላችሁ፤ መልኳን ታውቃላችሁና። ዕቃው ሩቅ አገር ተጭኖ ሲሄድ ግን ገዢው የሠሪውን መልክ አያይም። በመልኩ ፈንታ የሚያየው ምልክቱን ነው።

ይህ ነገር ለአሮጌ ዕቃ ይበልጥ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁልጊዜ ጥርጣሬ አለበት። «ነገ ቢበጠስብኝስ? ታጥቧል ወይ? ከየት የመጣ ነው?» ይላል። መልካም ስም ያለው ሻጭ ይህን ጥርጣሬ ያነሳለታል።

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ንግድ ቢሮ ስትሄዱ የምታስመዘግቡት የድርጅቱ መጠሪያ የንግድ ስም ይባላል። የንግድ ምልክት ግን ዕቃው ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚታተመው መለያ ነው። የሚመዘገበውም በሌላ መሥሪያ ቤት ነው። «ንግድ ፈቃዴ ላይ ስሙ አለ፤ ስለዚህ ማንም አይነካኝም» ብሎ የተቀመጠ ሰው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሄደው።

የንግድ ምልክት የሚመዘገበው አዲስ አበባ በሚገኘው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 320 ሲሆን በዚያን ጊዜ ጽሕፈት ቤት ይባል ነበር። ምዝገባው የሚመራበት ሕግ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ነው። ዝርዝሩን የሚያሳየው ደንብ ቁጥር 273 በ2005 ዓ.ም. ወጥቷል።

ምን ዓይነት ስም ይመዘገባል?

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንያዝ። አሥር ሰዎች ተሰባስበው ካለቀ ጎማ ጫማ፣ ካረጀ ጂንስ ሱሪ ቦርሳ መሥራት ጀመሩ እንበል። ለሥራቸውም ስም ፈለጉ። ስብሰባው ላይ የተለያየ ሐሳብ ቀረበ።

አንዱ «በረባሶ እንበለው» አለ። ይህ አይሆንም። በረባሶ የጎማ ጫማ ሁሉ የወል መጠሪያ ነው። አንድ ሰው ለራሱ ብቻ ይዞት ሌላውን «በረባሶ አትበል» ሊለው አይገባም። ላገለገለ ልብስ «ሰልባጅ» የሚለውም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው «ጠንካራ ጫማ እንበለው» አለ። ይህም አይሆንም። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት፣ ብዛት፣ ዋጋ ወይም የተሠራበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ቃል መለያ መሆን አይችልም። ጠንካራ ጫማ የሠራ ሁሉ ጫማዬ ጠንካራ ነው ማለት መብቱ ነውና። ዛሬ ብዙዎች የሚወዷቸው «አረንጓዴ»፣ «ተፈጥሯዊ»፣ «አካባቢን የማይጎዳ» የሚሉት ቃላትም ብቻቸውን ሲቆሙ በዚሁ ሚዛን ይታያሉ።

ሦስተኛው «ንጹሕ ቆዳ ብንለውስ?» አለ። ጫማው ጎማና ጨርቅ ሆኖ ሳለ ቆዳ ብሎ መጥራት ገዢን ማታለል ነው። ገዢን የሚያሳስት ምልክት ሕጉ አይቀበልም። እንደዚሁም የመንግሥትን ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ፣ መልካም ጠባይንና የሕዝብን ሰላም የሚነካ ነገር፣ በሕይወት ያለን ሰው ሙሉ ስም ያለፈቃዱ ማስመዝገብ አይቻልም።

በመጨረሻ አንዷ ሴት «ዳግም ብንለውስ?» አለች። ይህ ስም ጫማ ነው አይልም፤ ጠንካራ ነው አይልም፤ ግን ዕቃው ሁለተኛ ዕድሜ ማግኘቱን ያስታውሳል። ከቀድሞዎቹ ስሞች የተሻለ ነው። (ስሙን ለምሳሌ ያህል እኛ ያወጣነው ነው።) ሆኖም ስሙ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ሌላ ሰው ይህን ስም ወይም ከዚህ ጋር በድምፅ ወይም በመልክ የሚመሳሰል ስም ለተመሳሳይ ዕቃ ቀድሞ አስመዝግቦ እንደሆነ መመርመር አለበት። ፊደል አንድ ቦታ ለውጦ «የኔ ሌላ ነው» ማለት አያዋጣም። የሚታየው ገዢው ሊምታታ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው።

የምዝገባው መንገድ

1ኛ. ማጣራት። ከማመልከት በፊት ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄዶ ተመሳሳይ ምልክት ተመዝግቦ እንደሆነ መጠየቅ ይጠቅማል። ምልክቱ በሺህ ዕቃ ላይ ከታተመ በኋላ «የሌላ ሰው ነው» መባል ትልቅ ኪሳራ ነው።

2ኛ. ማመልከት። ማመልከቻው ላይ የአመልካቹ ስምና አድራሻ፣ የምልክቱ ሥዕል ወይም ጽሑፍ፣ ምልክቱ የሚውልባቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች ዝርዝር ይገባሉ። ክፍያ አለው፤ መጠኑን ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቆ ደረሰኝ መቀበል ነው። ደላላ «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ቢል ፈጥናችሁ ገንዘብ አትስጡ።

3ኛ. ምድብ መምረጥ። በዓለም ያሉ ዕቃዎችና አገልግሎቶች በሙሉ በ45 ምድቦች ተከፍለዋል። ይህ አከፋፈል የኒስ ምደባ ይባላል። ከ1 እስከ 34 ያሉት ለዕቃ፣ ከ35 እስከ 45 ያሉት ለአገልግሎት ናቸው። ባገለገለ ዕቃ ላይ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ልብ ማለት አለበት። ከጎማ የራሱን ጫማ የሚሠራ ከሆነ ምድቡ 25 ነው፤ ልብስ፣ ጫማና ባርኔጣ እዚያ ናቸው። ቦርሳ የሚሠራ ከሆነ 18 ነው። ራሱ ሳይሠራ ሌሎች የሠሩትን ያገለገለ ልብስ ሰብስቦ የሚሸጥ ከሆነ ግን የሚሰጠው የመሸጥ አገልግሎት ስለሆነ 35 ነው። የሰው ጫማ ተቀብሎ የሚጠግን ከሆነ 37 ነው። ለጫማ የተመዘገበ ስም ለጥገና ሥራ በራሱ ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ዛሬ የምትሠሩትንና ነገ በእርግጥ ልትሠሩት ያሰባችሁትን ለይታችሁ ጻፉ።

4ኛ. ምርመራ። መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻው መሟላቱን፣ ምልክቱም ሕጉ የሚከለክለው ዓይነት አለመሆኑን ይመረምራል። ጉድለት ካለ ለአመልካቹ ይነግረዋል።

5ኛ. ለሕዝብ ማስታወቅ። ምልክቱ ምርመራውን ሲያልፍ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» ተብሎ በማስታወቂያ ይወጣል። የሚቃወም ሰው በተወሰነው ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ያቀርባል።

6ኛ. የምስክር ወረቀት። ተቃዋሚ ካልቀረበ፣ ወይም ቀርቦ ተቃውሞው ውድቅ ከሆነ፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ምዝገባው የሚጸናው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ነው። ከዚያም በየ7 ዓመቱ ማሳደስ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አምስተኛውን ደረጃ ደግማችሁ አንብቡት። ማስታወቂያው የሚወጣው በጽሑፍ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስሙ ሲወሰድበት አያይም፤ ያላየውንም አይቃወምም። ማንበብ የቻለ ሰው ግን «ይህ የኛ ምልክት ነው፤ ስንሠራበት ኖረናል» ብሎ በቀኑ ሊቀርብ ይችላል። ፊደል መቁጠር ንብረት ይጠብቃል የምንለው ለዚህ ነው።

ቀድሞ የመጣ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በሕጉ መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚረጋገጠው በምዝገባው ምስክር ወረቀት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ምልክት ለአንድ ዓይነት ዕቃ ቢፈልጉ በመሠረቱ ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ ያመለከተው ነው። ስለዚህ አሥሩ ሰዎች አምስት ዓመት ሙሉ «ዳግም» እያሉ ጫማ ሲሸጡ ኖረው ሳያስመዘግቡ ቢቀሩ፣ ገንዘብ ያለው አንድ ነጋዴ ስሙ በገበያ መወደዱን አይቶ ቀድሟቸው ሊያመለክት ይችላል። ከዚያ በኋላ እነሱ ራሳቸው በሠሩት ስም ለመሸጥ ክርክር ውስጥ ይገባሉ። ነጋዴው በክፉ ልብ እንዳደረገው ማስረዳት ይቻል ይሆናል፤ ግን ጠበቃ፣ ምስክር፣ መመላለሻና ጊዜ ይጠይቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ቡና ታሪክም የሚያስተምረን ነገር አለ። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በዓለም የታወቁት በገበሬው ላብ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. እነዚህን ስሞች በአሜሪካ አገር እንደ ንግድ ምልክት ለማስመዝገብ አመለከተ። ስታርባክስ የተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ደግሞ ከዚያ በፊት «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን አንድ ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም የኢትዮጵያን ማመልከቻ ተቃወመ። ክርክሩ ከላይ ያየነው ነው፤ «ስሙ ቦታንና ዓይነትን የሚናገር ነው ወይስ መለያ ነው?» የሚል። ጉዳዩ በብዙ አገር ከተወራ በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያውና የኢትዮጵያ መንግሥት ስምምነት ተፈራረሙ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ስም ዋጋ ያለው ንብረት ነው፤ ባይሆን ኖሮ ማንም አይከራከርበትም ነበር። ሁለተኛ፣ በአንድ አገር የተመዘገበ ምልክት የሚጠበቀው በዚያው አገር ነው። አዲስ አበባ የተመዘገበ ስም አሜሪካ ውስጥ በራሱ አይከበርም። ዕቃችንን ውጭ አገር ለመላክ ካሰብን በዚያም አገር መመዝገብ ያስፈልጋል።

በማኅበር ለሚሠሩ

ሕጉ የወል የንግድ ምልክት የሚባል ነገር አለው። ይህ የአንድ ማኅበር አባላት በጋራ የሚጠቀሙበት ምልክት ነው። አንዱ ጫማ ይሠራል፤ ሌላዋ ቦርሳ ትሰፋለች፤ ሦስተኛው ወንበር ያድሳል፤ ምልክቱ ግን አንድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ለብቻው ማስመዝገብ የሚከብደው ሰው በማኅበር ሲሆን ወጪው ይቀልለታል።

የወል ምልክት ለማስመዝገብ የአጠቃቀም ደንብ አብሮ መቅረብ አለበት። በደንቡ ላይ ምልክቱን ማን ይለጥፋል? ዕቃው ምን ምን ማሟላት አለበት? ማን ይቆጣጠራል? ያበላሸ አባል ምን ይደረጋል? የሚሉት መጻፍ አለባቸው። ይህን ደንብ ለመሥሪያ ቤቱ ብላችሁ ብቻ አትጻፉት። አንዱ አባል የሳሳ ጎማ ለጥፎ ቢሸጥ የሚረገመው የሁሉም ስም ነው።

በዕቃው ላይ የነበረው የድሮ ምልክት

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አንድ ልዩ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሱሪው ላይ የፋብሪካው ስም ተሰፍቶበታል። ሱሪውን መሸጥ ይችላል? ዕቃው እውነተኛ ከሆነ፣ በሕጋዊ መንገድ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ከዋለና መልኩ ካልተለወጠ እንዳለ መልሶ መሸጥ የባለ ምልክቱን መብት አይነካም። በሬ የገዛ ሰው በሬውን መልሶ ለመሸጥ የመጀመሪያውን ባለቤት ፈቃድ አይጠይቅም፤ እንደዚያ ነው።

ሱሪው ተቆርጦ ቦርሳ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የፋብሪካው ስም ቦርሳው ፊት ላይ ጎልቶ ከቀረ ገዢው «ፋብሪካው የሠራው ቦርሳ ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ የድሮውን ምልክት ማንሳት፣ የራስን ምልክት ማድረግ፣ «ካገለገለ ሱሪ የተሠራ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይሻላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስም የሌለው ጫማ ላይ የታወቀ ኩባንያ ምልክት መለጠፍ ነው። በአዋጁ መሠረት የሌላውን የንግድ ምልክት መብት አውቆ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የንግድ ምልክት መመዝገብ ሕገ ወጥ ዕቃን ሕጋዊ አያደርግም። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ብሎ ከውጭ አገር ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው። በኮንትሮባንድ የገባ ቦንዳ ላይ የተመዘገበ ምልክት ቢለጠፍበትም ኮንትሮባንድነቱ አይቀርም። ንግዱ መያዝ ያለበት አገር ውስጥ ተለብሶና ተሠርቶበት ያረጀውን ነው። እሱም ቢሆን ሞልቷል።

ስም እንዴት ይጠበቃል?

ምስክር ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ መቀመጥ አይበቃም። መጀመሪያ ነገር፣ ምልክቱ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ቢያንስ 3 ዓመት በተከታታይ ያልተሠራበት ምልክት ሌላ ሰው አመልክቶ ሊያሰርዘው ይችላል። ጦም ያደረ መሬት ዓይን እንደሚበዛበት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የ7 ዓመቱ ቀን ሳያልፍ ማሳደስ ያስፈልጋል። ቀኑን ግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍ ከመርሳት ያድናል። ሦስተኛ፣ ገበያውን መከታተል ነው። ተመሳሳይ ምልክት የሚጠቀም ከተገኘ መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፣ ካልሰማ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ እሱም በዕቃው መታመን ነው። ያገለገለ ሁሉ ተመልሶ ለአገልግሎት አይበቃም። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን አሥር ጊዜ በሳሙና ቢታጠብ እንኳ ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ መያዣ መሆን የለበትም። መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። በገበያ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጀሪካን ሲሸጥ እናያለን። ጀሪካን ሰብስቦ የሚሸጥ ማኅበር ከየት እንደመጣ ያላወቀውን አይቀበል። እንዲህ ያለው መያዣ ተበስቶ ማንም እንዳይጠቀምበት ተደርጎ መወገድ አለበት፤ እንዴት እንደሚወገድም የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ነው። የማዳበሪያ ከረጢትም ምግብ ከመያዙ በፊት ምን እንደነበረበት መታወቅ አለበት። በአንድ ልጅ ላይ ጉዳት ያደረሰ ዕቃ ላይ የተለጠፈ ምልክት ከዚያ በኋላ ማንም አይገዛውም፤ ምዝገባውም አያድነውም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ሰው ነው የምናስበው። የእጅ ሥራም ስም አለው። አሥሩ ሰዎች ካረጀ ጎማ የሠሩት ጫማ አንድ ቀን ያልቃል። ስሙ ግን በአግባቡ ተመዝግቦ በአግባቡ ከተያዘ ለልጆቻቸው ሊተላለፍ፣ ሊሸጥ፣ በጽሑፍ ውል ለሌላ ሊከራይ የሚችል ንብረት ነው።

ለውይይት

አንብባችሁ ስትጨርሱ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ካገለገለ ዕቃ ምን ምን ይሠራል? ከእነዚህ ውስጥ ከሰፈራችሁ ውጭ ሊሸጥ የሚችለው የትኛው ነው?

2. ለዚህ ሥራ ሦስት ስም አውጡ። የትኛው ሊመዘገብ ይችላል? የትኛውስ አይችልም? ለምን?

3. ጫማ የሚሠራ፣ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥና ጫማ የሚጠግን ሦስት ሰዎች በየትኛው ምድብ ያመለክታሉ?

4. በማኅበር የወል ምልክት ብታስመዘግቡ በአጠቃቀም ደንባችሁ ላይ መጀመሪያ የምትጽፉት ነገር ምንድን ነው?

5. ቤታችሁ ያሉትን ጀሪካኖች ተመልከቱ። እያንዳንዱ በመጀመሪያ ምን እንደነበረበት ታውቃላችሁ?